መኪናው ሲያፈስ ቀዳዳውን ከወዴት እንፈልግ?

(ለጅማና ለአካባቢዋ የቡና ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ መኪና የለን፤ ምን አገባን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቡናችን የሚሄደው በምንድን ነው? ከአጋሮ፣ ከየቡ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ ተነሥቶ ጅማ የሚገባው በመኪና ነው። ከጅማም ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርሰው በመኪና ነው። የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የምናደርሰው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የምናስመጣው በመኪና ነው። እንግዲህ መኪናው ቢያፈስ የሚረጥበው የባለ መኪናው ወንበር ብቻ አይደለም። የእኛም የዓመት ልፋት ነው።

እኔ መካኒክ ነኝ። በዝናብ ጊዜ ብዙ የሚያፈሱ መኪናዎች አይቻለሁ። በሥራዬ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ውሃው የታየበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የታየበትን የሚደፍን ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጠፋል። የገባበትን የሚፈልግ ሰው ግን አንድ ጊዜ ሠርቶ ይገላገላል። የዛሬው ንግግር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. አንድ ሊትር ውሃ ምን ያህል ያበላሻል?

ቡናን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እሸቱ ይለቀማል፤ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ይገላበጣል፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። ቡናው እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ድካም ውሃውን ለማውጣት ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይድረቅ? ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና እርጥበቱ ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶም እንዳይበልጥ አመልክቷል። 12 በመቶ ማለት ከ100 ኪሎ ቡና ውስጥ 12ቱ ኪሎ ውሃ ነው ማለት ነው።

እስኪ አብረን እናስላ። ቁጥር የተማርነው ለዚህ ነውና። አንድ ጆንያ 5 ፈረሱላ ንጹሕ ቡና ይዟል እንበል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ጆንያው 85 ኪሎ ይሆናል። እርጥበቱ 12 በመቶ ከሆነ በውስጡ 10.2 ኪሎ ውሃ አለ። አሁን በመንገድ ላይ 1 ሊትር ውሃ ብቻ ገባበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ቡናው 86 ኪሎ፣ ውሃው 11.2 ኪሎ ሆነ። ሲካፈል 13 በመቶ ይመጣል። ከተፈቀደው ልክ አለፈ ማለት ነው። አንድ ሊትር ብቻ!

ይህም ውሃው በጆንያው ውስጥ እኩል ቢከፋፈል ነው። ግን አይከፋፈልም። አንድ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ያ ጥግ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ቡናው ቢቆላም መርዙ ጨርሶ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ውስጥ ይህ መርዝ ከ3 ማይክሮ ግራም በላይ እንዳይገኝ ደንግገዋል። አንድ ማይክሮ ግራም ማለት አንድ ግራም ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። ገዢዎች ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ከዚህ እንረዳለን።

ዝናቡስ ምን ያህል ነው? በጅማ አካባቢ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ከመጋቢት ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የቡናው ለቀማ የሚጀመረውም ዝናቡ ጠቅልሎ ሳይወጣ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የጭነት መኪናው ካሶኒ 5 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድ ቢኖረው ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር ነው። በመንገድ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት 200 ሊትር ውሃ ወረደበት ማለት ነው። ይህ ባለ 20 ሊትር አሥር ጀሪካን ይሞላል። ከእነዚህ አሥር ጀሪካኖች ውስጥ አንድ ሊትር ብቻ ሾልኮ ቢገባ አንድ ጆንያ ቡና ተበላሸ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

2. ውሃ መንገዱን ይደብቃል

የሣር ቤት ሲያፈስ ጠብታው ምድጃው ላይ ይወርዳል። ቤት የሚከድን አዋቂ ግን ከምድጃው ትክክል በላይ ብቻ አይፈልግም። ውሃው ከላይ ከጉልላቱ አጠገብ ገብቶ፣ በወራጁ ላይ ተንሸራቶ፣ ምድጃው ዘንድ ሲደርስ ነው የሚንጠባጠበው። የቆርቆሮ ቤትም እንደዚሁ ነው። ሚስማሩ ያፈሰሰው በጓዳ በኩል፣ የረጠበው አልጋ ደግሞ በሳሎን በኩል ይሆናል።

መኪናም ቤት ነው። ጣራ አለው፤ በር አለው፤ መስኮት አለው፤ ወለል አለው። ልዩነቱ ይህ ቤት መሮጡ ነው። ሲሮጥ ነፋስ ዝናቡን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋዋል። ዳገት ሲወጣ ውሃው ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ወደ ፊት ይፈስሳል። ስለዚህ የመኪናን ቀዳዳ ማግኘት ከቤት ቀዳዳ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ጊዜ ገበሬዎች ቡና ያስጫኑበትን አይሱዙ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይህ ሸራ ሦስት ጊዜ ተለጥፏል። ቡናው ግን ዛሬም ረጠበ» አሉኝ አንድ አዛውንት።

«አባባ፣ የረጠቡት የትኞቹ ጆንያዎች ናቸው?»

«ከጋቢናው ጀርባ ያሉት ሦስቱ።»

«ከላይ ነው ወይስ ከሥር የረጠቡት?»

«ከላይም ከሥርም አይደለም። ወደ ጋቢናው የዞረው ጎናቸው ነው።»

መልሱ ከአዛውንቱ አፍ ወጣ። ሸራው መካከሉ ላይ ቢቀደድ ኖሮ የሚረጥበው የጆንያው አናት ነበር። ወለሉ ቢያፈስ ኖሮ የሚረጥበው ሥሩ ነበር። ሄደን ስናይ የሸራው የፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ታስሯል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ዝናቡን በጋቢናው ጀርባ እየገፋ በእጥፋቱ ውስጥ ያስገባዋል። ጠርዙን ከፊተኛው ስፖንዳ ውጪ አሳልፈን ወደ ታች አሰርነው። አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። ሦስቱ ልጥፎች ግን ገንዘብ ወጥቶባቸዋል፤ ቀዳዳው እነሱ ዘንድ አልነበረም።

ጥያቄዎቹን ልብ በሉ። የትኛው ረጠበ? ከየት በኩል ረጠበ? ይህን ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

3. መጀመሪያ የምን ውሃ እንደሆነ እንለይ

መኪና ውስጥ ውሃ ሲታይ ሁሉም ዝናብ አይደለም። አራት ዓይነት ነው።

አንደኛው የዝናብ ውሃ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወይም መኪና ሲታጠብ ብቻ ይመጣል።

ሁለተኛው ከሥር የሚገባ ውሃ ነው። መኪናው ወንዝ ወይም ኩሬ ሲያቋርጥ፣ ጎማው ጭቃ ውሃ ሲረጭ ይመጣል። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ሲደርቅ ቀይ አፈር ይተዋል።

ሦስተኛው የራዲያተር ውሃ ነው። አንዳንድ መኪና ጋቢናውን የሚያሞቅበት መሣሪያ አለው። ከሞተሩ ሙቅ ውሃ በቱቦ ወደዚያ ይመጣል። ቱቦው ወይም መሣሪያው ሲቀደድ ውሃው ከፊት ወንበር እግር ሥር ይንጠባጠባል። ይህ ውሃ በበጋም ይመጣል። በእጅ ሲነካ ያሟልጫል፤ ጣፋጭ ሽታ አለው፤ ቀለምም ሊኖረው ይችላል። መስታወቱን ከውስጥ በኩል ያደበዝዘዋል። የራዲያተሩም ውሃ ይጎድላል። እንዲህ ከሆነ መኪናው ወደ መካኒክ መሄድ አለበት። አለበለዚያ ውሃው አልቆ ሞተሩ ይነድዳል። ሁለት ነገር አስታውሱ፤ ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል። ያንንም ውሃ ማንም እንዳይቀምሰው። መድኃኒት የተጨመረበት ከሆነ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው።

አራተኛው የብረት ላብ ነው። ጠዋት ሣር ላይ ጤዛ ታያላችሁ፤ ማታ ግን አልዘነበም። መኪናም እንዲሁ ነው። ጭነቱ በግቤ ሸለቆ ሙቀት ይሞቃል፤ ከዚያ ሌሊት ወደ ወሊሶ ብርድ ይወጣል። የሞቀው አየር ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ጠብታ ይሆናል። ከላይ ብረት ክዳን ባለው መኪና ይህ ይብሳል። ቡናው በደንብ ሳይደርቅ ከተጫነ ደግሞ ላቡ ይበዛል። ለዚህ ቀዳዳ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ቡናን አድርቆ መጫን፣ ጆንያው ብረቱን እንዳይነካ ማድረግ ነው መፍትሔው።

የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ማቀዝቀዣው ራሱ ውሃ ያወጣል። ያ ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ምድር ይወርዳል። ቱቦው በጭቃ ሲዘጋ ጋቢናው ውስጥ ይፈስሳል። ቱቦውን መጥረግ ይበቃል።

4. ቀዳዳውን እንዴት እናግኘው?

የዝናብ ውሃ መሆኑን ካወቅን እንዲህ እናደርጋለን።

በመጀመሪያ መኪናውን እናደርቃለን። የወለሉን ምንጣፍ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ሥሩንም በጨርቅ እንጠርጋለን። እርጥብ ቦታ ላይ አዲስ ውሃ አይለይም።

ቀጥሎ በዓይን እንመለከታለን። የዝገት መስመር፣ የሻጋታ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የደረቀ ውሃ ምልክት ካለ ከታች ወደ ላይ እንከተለዋለን። አቧራም ይመሰክራል። በጥርና በየካቲት በሩን ከፍታችሁ የበሩን ጎማ እዩ። ቀይ አቧራ እንደ ጅራፍ ተሰምሮ የገባበት ቦታ ካለ ክረምት ሲመጣ ውሃም በዚያው ይገባል። አቧራ የውሃ መንገድ ጠቋሚ ነው።

ከዚያ በኋላ ውሃ እናፈስሳለን። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል። በመስታወቱና በበሩ ዙሪያ ከውስጥ በኩል በጠመኔ ያሰምራል፤ ወለሉም ላይ ደረቅ ወረቀት ያነጥፋል። ሌላው ከውጭ ሆኖ በቀስታ ውሃ ያፈስሳል። ሲያፈስስ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይሂድ እንጂ ከላይ አይጀምር። ለምን? ከጣራው ከጀመረ ውሃው ሁሉን እያዳረሰ ይወርዳል፤ የትኛው ቦታ እንዳፈሰሰ አይታወቅም። ከታች ሲጀመር ግን መጀመሪያ የበሩ ሥር፣ ቀጥሎ የበሩ ጎን፣ ቀጥሎ መስታወቱ፣ መጨረሻ ጣራው ይፈተናል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ውስጥ ያለው ሰው ጠመኔው ሲታጠብ ወይም ወረቀቱ ሲረጥብ «ቁም!» ይላል። ቦታው ላይ ምልክት ይደረጋል።

አንድ ቀዳዳ ስትገኝ ሥራው አላለቀም። ሌላም ልትኖር ስለምትችል ፈተናው እስከ ጣራው ይቀጥል።

5. የሚያፈሱ ቦታዎችና ጥገናቸው

ሀ. ከፊት መስታወት ሥር ያለው ቦይ። ኮፈኑ ከመስታወቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብዙ መኪና ቦይ አለው። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ በዚህ ቦይ ሄዶ በቀዳዳ ወደ ምድር ይወርዳል። እኛ ደግሞ መኪናን የምናቆመው ከዋንዛና ከግራር ጥላ ሥር ነው። ቅጠሉና አበባው ቦዩን ይሞላዋል። የማሳ ቦይ ሲዘጋ ውሃው ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ የመኪናውም ቦይ ሲዘጋ ውሃው ወደ ጋቢና ይገለበጣል። ጥገናው ቅጠሉን በእጅ ማውጣት፣ ቀዳዳውን በቀጭን እንጨት መክፈት ነው። ውሃ አፍስሳችሁ ከሥር መውጣቱን እዩ።

ለ. በር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱ ጎን ጥቂት ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ያለ ነው። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከበሩ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ትተዋል። ውሃው በእነሱ ይወጣል። ጭቃ ሲደፍናቸው በሩ እንደ እንስራ ይሞላል። በሩን ስትከፍቱ የውሃ ድምፅ ከሰማችሁ ምልክቱ ይህ ነው። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ እንጂ «ውሃ እንዳይገባ» ብላችሁ በማስቲሽ አትድፈኑ። የደፈነ ሰው በሩን ያዝገዋል፤ ውሃውንም ወደ ውስጥ ይጋብዘዋል።

ከበሩ የውስጥ ሽፋን ኋላ ደግሞ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ሬዲዮ ወይም የመስታወት ማንሻ ለመጠገን ሲከፈት ብዙ ጊዜ ይቀደዳል፤ መልሶም አይለጠፍም። ጠጋኙን «ላስቲኩን መልሰሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

የበሩን ጎማ ለመፈተን አንድ ወረቀት በሩ ላይ አስገብታችሁ ዝጉት። ወረቀቱ ሲሳብ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው ላልቷል፤ አይጫንም። በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማየት ነው። ከተቀደደ ወይም እንደ እንጨት ከደረቀ ይቀየራል።

ሐ. የመስታወት ጎማ። ላንድ ክሩዘርም ሆነ የቆዩ የጭነት መኪናዎች ብዙዎቹ መስታወታቸው በጎማ ተይዟል። ጎማው በፀሐይ ይደርቃል፤ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፣ ብረቱም ካልዛገ፣ አጽድቶ አድርቆ በጎማው ሥር ሲሊኮን መቀባት ይበቃል። ብረቱ ከዛገ ግን ከላይ መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ ማሰር ነው። መስታወቱ ይወጣል፤ ዝገቱ ይፋቃል፤ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ አዲስ ጎማ ይገባል። በማጣበቂያ የተያዘ የአዲስ መኪና መስታወት ከሆነ ለመስታወት ባለሙያ ይተው።

መ. ጣራ። ፖርቶመጋላው በቡሎን የታሰረበት ቦታ ቀዳዳ ነው። ፖርቶመጋላው ከባድ ዕቃ ሲጫንበት ይወዛወዛል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። ቡሎኑ ይፈታል፤ ቦታው ይጸዳል፤ በሥሩ ጎማና ሲሊኮን ተደርጎ እንደገና ይታሰራል።

ሠ. ወለል። ወለሉ ላይ በጎማ የተደፈኑ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ ቢወድቅ የጭቃ ውሃ ይገባል፤ ጎማውን መመለስ ነው። ላሜራው ራሱ በዝገት ከተበላ ግን በየዳ ያስፈልገዋል። ከመበየዱ በፊት ምንጣፉና ወንበሩ ይውጣ፤ የባትሪው ገመድ ይፈታ። ብልጭታ ምንጣፍ አቃጥሎ መኪና አንድዶ ያውቃልና።

በሁሉም ጥገና አንድ ሕግ አለ። ማስቲሽም ሆነ ሲሊኮን እርጥብ፣ ቅባትና ዝገት ባለበት ቦታ ላይ አይዝም። ማጽዳት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ መለጠፍ። ከተለጠፈም በኋላ እስኪጠነክር አንድ ቀን ይቆይ። ከዚያም እንደ በፊቱ ውሃ አፍስሰን እንፈትነው። ያልተፈተነ ጥገና ተጠገነ አይባልም።

6. ካሶኒና ሸራ

ላሜራ፣ ካሶኒ፣ ስፖንዳ፣ ጋቢና፣ ማስቲሽ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዙበት ዘመን የአዲስ አበባና የጅማ የመኪና መንገድ ተሠራ። ከዚያ በፊት የጅማን ቡና የሚያጓጉዙት የሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በበቅሎና በአህያ። ጭነትን ከዝናብ የመጠበቅ ሐሳብ ግን ያኔም ዛሬም አንድ ነው።

ካሶኒ ቡና ከመጫኑ በፊት ባዶውን ይፈተሻል። ሸራው ይልበስና አንድ ሰው ከሥሩ ይግባ። ቀትር ላይ ከሆነ የተቀደደው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ፀሐይ የገባችበት ቀዳዳ ዝናብም ይገባበታል። እያንዳንዱ በጠመኔ ይከበብ።

ሸራ ሲለጠፍ አጽድቶና አድርቆ ነው። ልጥፉ ከቀዳዳው በሁሉም በኩል አንድ ስንዝር ያህል ይበልጥ። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ በሁለቱም ፊት ይለጠፍ። ልጥፉ ከተሰፋ ግን የመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያስገባል። የጨርቅ ሸራ ከሆነ በስፌቱ ላይ ሰም ይታሽበት። ጌራና ሊሙ ሰም አይታጣም።

ጆንያዎቹ ሲደረደሩ መካከሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ይበል፤ እንደ ቤት ክዳን። መካከሉ ጎድጓዳ ከሆነ ሸራው ላይ ኩሬ ይሠራል። ኩሬ የሠራ ውሃ ትንሽ ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም። የሸራው ጠርዝ በሁሉም በኩል ከስፖንዳው ውጪ ይውረድ። ሁለት ሸራ ከሆነ የፊተኛው በኋለኛው ላይ ይደረብ እንጂ የኋለኛው በፊተኛው ላይ አይሁን። ነፋስ የሚመታው ከፊት ነውና።

ወለሉም አይረሳ። ጎማው የሚረጨው ውሃ በጣውላው ስንጥቅ ወደ ላይ ይገባል። በመጀመሪያ ንጹሕ ላስቲክ፣ በላዩ ርብራብ፣ ከዚያ ጆንያ። ቀድሞ ማዳበሪያ፣ ጨው ወይም ነዳጅ የተጫነበት ካሶኒ ከሆነ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ቡና አይጫንበት። ቡና ሽታ ይስባል።

7. ቡናው ከረጠበስ?

ጥንቃቄ ተደርጎም አንዳንድ ጊዜ ይረጥባል። ያን ጊዜ ምን እናድርግ?

የረጠበውን ጆንያ ወዲያውኑ ለዩ። ከደረቀው ጋር አታደባልቁት። «ጥቂት ነው፤ በብዙው ውስጥ ይጠፋል» የሚል ሰው ይኖራል። አይጠፋም። ሻጋታው ወደ ደረቁ ይሻገራል፤ የሚረከበውም ሰው እርጥበቱን በመሣሪያ ሲለካ ያገኘዋል። በአንድ ጆንያ ምክንያት የጎረቤታችሁ ቡና ሁሉ ዋጋው ይወድቃል። ያ ጎረቤት ልጁን የሚያስተምረው በዚያ ቡና ነው። ስለዚህ የረጠበውን መደበቅ ኪሳራን ማዳን አይደለም፤ ኪሳራን ለሌላው ማካፈል ነው።

ገና ያልሻገተ ከሆነ ጆንያው ተፈትቶ ቡናው በዚያው ዕለት አልጋ ላይ ሳሳ ብሎ ይሰጣ። ጆንያውም ለብቻው ይድረቅ። የሻገተውን ግን ለገበያም ለቤትም አታውሉት።

ውሃውን ያየው ሰው ሹፌሩ ዘንድ ሄዶ የትኛው ጆንያ፣ ከየት በኩል እንደረጠበ በወረቀት ጽፎ ይስጠው። «ከጋቢናው ጀርባ፣ በቀኝ በኩል፣ ከሥሩ» የምትል አንዲት መስመር ለመካኒኩ የግማሽ ቀን ሥራ ትቀንስለታለች። ከሹፌር ጋር መጨቃጨቅ ቀዳዳውን አይደፍነውም። ሹፌሩም ረዳቱም የሚበሉት ከዚሁ ቡና ነው፤ አብረው ይፈልጉት።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ የተናገርኩት ብዙ ነው። የሚቀጥለው መኪና ሲመጣ ግን ይህቺን ብቻ ያዙ። ባዶውን ካሶኒ እዩ፤ ከሸራው ሥር ገብታችሁ ፀሐይን ፈልጉ፤ ወለሉን በእጃችሁ ዳብሱ፤ የሸራው ጠርዝ ከውጭ መውረዱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ጫኑ። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ያ ቡና አልጋ ላይ የቆየው ግን ሳምንታት ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ጆንያ 3 ፈረሱላ ቡና ቢይዝ ስንት ኪሎ ነው? እርጥበቱ 12 በመቶ ቢሆን በውስጡ ስንት ኪሎ ውሃ አለ?
2. ቀዳዳ ስንፈልግ ውሃውን ከታች ጀምረን ወደ ላይ የምናፈስሰው ለምንድን ነው?
3. ከበር ሥር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ቢደፈኑ ምን ይሆናል?
4. በበጋ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ጋቢናው ውስጥ ውሃ ቢታይ ከየት የመጣ ሊሆን ይችላል?
5. በእናንተ አካባቢ ቡና ከመጫኑ በፊት ሸራውን የሚፈትሸው ማን ነው? ማንም ከሌለ ማን ቢፈትሽ ይሻላል? ተወያዩበት።